የፈረስ ጉልበት

ሰው ሚስት ሲያጭ ዘመድ ይጠይቃል፤ ቤት ሲገዛ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ያገለገለ አውቶሞቢል ሲገዛ ግን ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። ሻጩ የራሱን ዕቃ አይነቅፍም፤ ደላላው የሚያድረው ከሽያጩ በሚያገኘው ነው፤ ወዳጅም ቢሆን የሚያመሰግነው ራሱ የሚነዳውን ዐይነት ነው። እኛም ሦስት ወንድማማችና አንዲት እኅት በ2017 ዓ.ም. ለእናታችን አውቶሞቢል ለመግዛት በተነሣን ጊዜ የገጠመን ይኸው ነው። ነገሩ ከቤታችን ገመና የሚቈጠር ቢሆንም ለአንባቢ ጥቂት ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እንደ ደረሰብን አድርገን እንጽፈዋለን።

እናታችን የሚኖሩት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ በማይርቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሰፈሩ በመጓጓዣ አይታማም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር በዚያ ያልፋል፤ የሚኒባስ ረዳቶችም ከንጋት እስከ ማታ ሲጣሩ ይውላሉ። ነገር ግን የልደታው የባቡር ጣቢያ ከምድር ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ ደረጃ ያስወጣል፤ የእናታችን ጉልበቶች ደግሞ ሁለቱም ከታመሙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አጎንብሶ ሚኒባስ ውስጥ መግባትማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሐኪም ቤት የምናደርሳቸው በኪራይ ታክሲ ነበረ። ከኪራዩ ይልቅ ያሳሰበን ግን እሳቸው ሒሳቡን በልባቸው እየያዙ «ዛሬስ ተሽሎኛል፤ ይቅርብኝ» ማለት መጀመራቸው ነው። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ በተከታታይ በሰማን ሳምንት አንዳችን ከእቁብ፣ አንዳችን ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ ታላቅ ወንድማችን ከንግዱ፣ እኅታችን ከወርቋ አዋጥተን፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ቤት ይገዛ የነበረ ገንዘብ በአንድ የባንክ ደብተር ላይ አኖርን።

ወደ ገበያው ስንወጣ አስቀድሞ የገረመን የአሮጌው ዋጋ ነው። ጓደኞቻችን «አውቶሞቢል ባረጀ ቍጥር የሚወደድበት አገር የት ታየ?» እያሉ ያፌዙብን ነበር፤ ነገሩ ግን ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አውቶሞቢሎችን በሞተራቸው ስፋትና በዕድሜያቸው ከፋፍሎ፣ የሞተሩንም ወሰን በ1300ና በ1800 ሲሲ ላይ አድርጎ፣ አርጅተው የሚገቡትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አከበዳቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ምትኩ አይመጣምና በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ ሁሉ ባለቤቱ እንደ ርስት ይዞታል።

ክርክራችን የጀመረው በእናታችን ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። ታላቅ ወንድማችን 1800 ካልሆነ አይሆንም አለ። እኛ 1300 በቂ ነው አልን። እኅታችን ናፍጣ ይሻላል፣ ርካሽ ነው ብላ ነበር፤ ነገር ግን ናፍጣ ሁልጊዜ አይረክስም፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲሆን ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገብቶ ቤንዚኑን በልጦት ነበር። በዚያም ላይ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በልደታ ብርዳም ጧት ካንዴሌታው እስኪግል ድረስ አልነሣም ብሎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። የእኅታችን ሐሳብ በዚሁ ወደቀ። ታናሽ ወንድማችን ግን ከሁላችንም ተለይቶ የኤሌክትሪክ ይገዛ አለ፤ የእሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲሲ የሚባለው ነገር፣ ሁሉ ሰው በአፉ የሚጠራው ጥቂት ሰው ግን የሚያስተውለው፣ ፒስተኖቹ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወጡና ሲወርዱ የሚጠርጉት ቦታ መጠን ነው። 1300 ማለት አንድ ሊትር ከሦስት ዐሥረኛ ያህል ነው። ይህ ቦታ የሚሞላው በአብዛኛው በአየር ነው፤ ቤንዚኑ ለአየሩ እንደ ጨው ለወጥ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። በጅቡቲ ወደብ ሙሉ ትንፋሽ የሚስበው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከዚያ ትንፋሽ አምስት እጅ ቢደረግ አራቱን እንኳ በቅጡ አያገኝም። ስለዚህ 1800 ተብሎ የተገዛው በእኛ ከተማ የ1400ን ያህል፣ 1300ውም የ1000ን ያህል ይሠራል ማለት ነው። በፋብሪካው ወረቀት 86 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የ1300 ሞተር ልደታ ላይ 67 ወይም 68 ፈረስ ቢቀረው ነው።

ይህንን ሒሳብ በወረቀት ሠርተን ለወንድማችን ባሳየነው ጊዜ ያሸነፍን መስሎን ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ገልብጦ፣ «ታዲያ አየሩ ከሁሉም ላይ የሚቀንስ ከሆነ ብዙ ያለው ይሻላል፤ ከ1300 ላይ ሲቀነስ ምን ይቀራል?» አለን። እውነት ለመናገር መልሱ አልመጣልንም። ቈይተን ግን ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ልደታ ያለውን መንገድ አስታወስነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት በዚያ መንገድ 130 ፈረስም 68 ፈረስም ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄዱት፤ ልዩነቱ ቆመው ሲጠብቁ የሚበሉት ላይ ነው። በወር 600 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ 1300ው በሊትር 12፣ 1800ው 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድልን፣ ትልቁ በየወሩ 10 ሊትር ይጨምርብናል። ይህ በ2014 ክረምት 478 ብር ነበረ፤ የሊትሩ ዋጋ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ግን ከ1,000 ብር በላይ ሆኗል። ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ወንድማችን የፈረስ ጉልበት፣ እኛ የፈረስ ጉልበት እያልን ስንጯጯኽ እናታችን ስኒውን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ የፈረሱን ጉልበት ትታችሁ የእኔን ጉልበት አስቡልኝ» አሉ። ሳቅን፤ ክርክሩ ግን አልቆመም።

መቼም ያለፈው ዘመን ሰው በዚህ አልተቸገረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባለው እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ይዞ በመጣ ጊዜ የሞተር ምርጫ የሚያነሣ አልነበረም። ኋላም ከተማውን ያመላለሰው ትንሽ ሞተር ነው። ታክሲ የነበረችው ፊያት ሰይቼንቶ ስትሠራ ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበረ። ላዳም ቢሆን ከፊያት 124 የተወለደ መጠነኛ መኪና ነው። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያሽከረክሯት የነበረችው ቮልስ 1200 ሲሲና 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር አልነበራትም፤ አራታችንንም ከነስንቃችን ተሸክማ ስትወጣ ወደ ኋላ የተመለሰችበትን ቀን አናስታውስም። ምናልባት ልጅነት ይሆናል ዳገቱን ያሳጠረው።

አሁን ወደ ኪሳራችን እንምጣ። ታላቅ ወንድማችን አንድ ቅዳሜ ብቻውን ሄዶ ለአንድ ነጭ ባለ 1800 አውቶሞቢል 50,000 ብር ቀብድ ከፍሎ መጣ። መኪናው እንደ ሙሽራ ያብረቀርቅ ነበር። በማግስቱ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚመጣው መንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድነው። እሳቸውም ቀለሙን አላዩም። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ የዘይቱን ክዳን ፈቱት፤ ከቀዳዳው ጢስ እንደ ድስት እንፋሎት እየተገፋ ወጣ። «ይተነፍሳል፤ ፋሻው አልቋል» አሉ። ቤንዚን ሲሰጡት ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ መጣ፤ ይህም ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። (የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ የጣልያን ነው፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን፣ ካንዴላውንና ማርሚታውን በአፋችን ላይ ትቶት ሄደ።) ከዚያ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ የሞተሩን ጎን ጠርገው የተቀረጸውን ቁጥር እየጮኹ አነበቡልን፤ እኛም ሊብሬውን ይዘን ተከተልን። አልገጠመም። ሞተሩ ከሌላ መኪና ወጥቶ የገባ ነበር፤ 1800 ይሁን 1600 ሊብሬው ሊነግረን አይችልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለውም ወገን ሲተው እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። ማታለል ከተገኘ ነገሩ ሌላ መሆኑን የሕግ ሰዎች ነግረውናል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እዚያው ሰፈራችን ነው። ይሁን እንጂ ወንድማችን የፈረመው ወረቀት «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ተስማምቻለሁ» የሚል ቃል ነበረበትና፣ ክሱ የሚበላውን ጊዜ አስበን ተውነው። 50,000ው ብር ቀረ። ከጠፋው ብር ይልቅ የከበደን የወንድማችን ዝምታ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ እናታችን ቤት ሲመጣ ከበር ሰላምታ ሰጥቶ ይመለስ ነበር፤ ድርሻችሁን እመልሳለሁ ብሎም አንድ ቀን 10,000 ብር በፖስታ አድርጎ ከጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሄደ። እናታችን ፖስታውን ሳይከፍቱ መልሰው ላኩለት።

ሽማግሌውን መካኒክ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የቱን እንግዛ?» ብለን ስንጠይቃቸው ስለ ሲሲው ብዙም አልተጨነቁም። ከፍታ ከሁሉም ሞተር ላይ እኩል ይወስዳል፤ ያለቀ ፋሻ ግን ከአንዱ ላይ ብቻ ይወስዳል፣ ደግሞም የበለጠ ይወስዳል፤ ደኅና 1300 ከታመመ 1800 ይቀድማል አሉን። አንድ ነገር ብቻ አጠበቁ፤ ካርቡራቶር ያለውን አትግዙ አሉ። ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት አያውቅምና በቆላ እንደለመደው ቤንዚኑን ያፈስሳል፤ ጥቁር ጢስ የሚተፋውም ስለዚህ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል።

የታናሽ ወንድማችንንም ሐሳብ አነሣንላቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታም አይቀንስበትም፤ በዚህ በኩል ለአዲስ አበባ ከሁሉም የተመቸ እሱ ነው። ሽማግሌው ግን ያገለገለ ባትሪ በጆሮ አይሰማም፣ በአፍንጫም አይሸተትም፣ እኔ አላውቀውም ብለው በቅንነት ነገሩን። በጋራው ሕንፃ ግቢ ከማን ቆጣሪ እንደምንሞላም መልስ አላገኘንም፤ ዋጋውም ከደብተራችን በላይ ነበረ። የታናሻችን ሐሳብ ትክክል ነበረ እንላለን፤ ያልደረሰው ገንዘባችን ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው የአንድ ጡረተኛ መምህር ኮሮላ ነው። ሞተሩ 1299 ሲሲ፣ ባለ ኢንጀክሽን ነው። ቀለሙ ጣሪያው ላይ ደብዝዟል፤ የኋላ ፓራውልቱም ተጭሯል። በቀጠሮ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ስንደርስ መካኒኩ መዳፋቸውን በሞተሩ ላይ አሳርፈው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጡ፤ ነጩን ግን ባለቤቱ አስቀድሞ አሙቆ ነበር የጠበቀን። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሣ። ጢስ የለም፤ የዘይቱ ክዳን ሲፈታም ትንፋሹ የሚሰማ አይደለም። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ። መምህሩ ዘይት የለወጡበትን ቀን ሁሉ በተማሪ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ይዘዋል፤ እኛ ገንዘቡን ስንቈጥር እሳቸው ደብተሩን ያገላብጡ ነበር። ሊሰናበቱን ሲሉ ደብተሩንም ጨምረው ሰጡን።

ስሙ ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ እናታችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ውሰዱኝ አሉ። ታላቅ ወንድማችንን ጠራነው፤ መጣ። ቁልፉን ስንሰጠው ጥቂት አመነታና ተቀበለን። ከልደታ እስከ ስድስት ኪሎ እንደ ልብ ሄድን። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ግን አምስት ሰው የጫነው 1300 ማቃሰት ጀመረ፤ ወንድማችን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ ማርሽ አወረደው። አንድ ትልቅ አውቶሞቢል ጥሩንባ እየነፋ አለፈን። የኋላው ወንበር ላይ ያለነው በጸጥታ ተቀመጥን፤ ወንድማችን «አላልኋችሁም?» ይል እንደ ሆነ ጠበቅን። አላለም። እናታችን ከፊት ተቀምጠው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የባሕር ዛፉን ይመለከቱ ነበር።

ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። እናታችን ከመኪናው ወደ መሬት በአንድ እርምጃ ወረዱ፤ እኅታችን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ገቡ። ታላቅ ወንድማችን ሞተሩ ጥቂት እስኪበርድ ጠብቆ ኮፈኑን ከፈተና የዘይቱን መለኪያ መዘዘ። በመሐረቡ ጠርጎ መልሶ ከተተው፤ እንደ ገና አውጥቶም ወደ ብርሃን አቅንቶ አየው። ቀጥሎ የመምህሩን ደብተር አምጡልኝ አለን።