ሦስት ግብና ማካፈል

የመንግሥቱ ወርቁ ስም በእኛ በልደታ ሠፈር ሳይነሣ አይመሽም። ሲጫወት ያላየነው ሰዎች ግን ውዳሴውን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነውና፥ ተማሪዎቹ «ተረት ነው» ሲሉን የመዝገብ ቤት ሥራ ባስለመደን ማካፈል ልንመዝነው ወደድን።

በጥር 1954 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራት ቡድኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጥመው 18 ግብ ተቈጠረ። ይህ ለ11ዱም ተጫዋች ቢከፈል በአንድ ጨዋታ ለአንዱ 0.2 ያህል ይደርሰዋል። መንግሥቱ በሁለት ጨዋታ ሦስት አግብቶ ድርሻው 1.5 ነው፤ ሰባት እጥፍ ያልፋል። በረኛን ከአጥቂ ጋር መደመር ግፍ ነው ላለን፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግቡን ሁሉ በየቡድኑ ለአምስት አጥቂዎች ብቻ ብናድለው እንኳ 0.45 ነው፤ አሁንም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

የግብፁ በደዊ አብደል ፈታሕም ሦስት አለው። በፍጻሜው ዕለት፥ በተጨማሪው ሰዓት፥ 4 ለ 2 ያሰኘችውን የመጨረሻዋን ግብ ያገባው ግን መንግሥቱ ነው፤ በማካፈላችን ውስጥ እርስዋም እንደ ሌሎቹ አንድ ተብላ ገባች።