ድንጋዩን ልታይ መጣህ ወይስ እኛን?

ዛሬ ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ አላወራችሁም። ዛሬ ጉዞ ነው! "ጉዞ" ስላችሁ ደግሞ ከወዲሁ ኪሳችሁን እንዳትዳብሱ። እኛ አራት ጓደኛሞች ሄደን፣ በልተን፣ ጠጥተን ስንመለስ ያወጣነው ገንዘብ አንድ ቅዳሜ ማታ ከምናጠፋው አልበለጠም።

ነገሩ የጀመረው በክርክር ነው። ኅዳር ላይ የአንዷ ጓደኛችን ልደት ነበር። ግማሹ ላንጋኖ አለ፣ ግማሹ ደብረ ዘይት አለ። እኔ "ጢያ እንሂድ" አልኩ።

"ጢያ ምን አለ?" አለች ባለ ልደቷ።

"ድንጋይ።"

ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም በጊዜዬ ስቄያለሁ። አባቴ የሶዶ ሰው ነበር። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሊስትሮ ሠርቶ፣ በኋላ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ እኛን አሳደገ። መስከረም ሲጠባ የመስቀል ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ይሄዳል። "ዘንድሮስ አትመጣም?" ይለኛል። ምክንያት አጥቼ አላውቅም፤ ፈተና፣ ኳስ፣ ጓደኛ... እውነቱን ልናገርና የሰፈር ልጆች "ገጠሬ" እንዳይሉኝ ነበር። አንድ ቀን "አገራችን እኮ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣ ድንጋይ አለ" ሲለኝ "ድንጋይማ እዚህም ሞልቷል" ብዬ መለስኩለት። ዝም አለኝ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ያቺ ዝምታ ግን አሁንም ትቆጠቁጠኛለች።

እንግዲህ የአንዱ ጓደኛችን ወንድም አሮጌ ቶዮታውን አዋሰንና በጠዋት ወጣን። ዓለም ገናን አልፎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ከተማው ከኋላችሁ ይቀራል። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው። ኅዳር ነውና የደረሰው እየታጨደ፣ የታጨደው እየተከመረ፣ ገበሬው ጎንበስ ቀና ይላል።

አዋሽን የምትሻገሩበት አካባቢ መልካ ቁንጥሬ ይባላል። ብዙ ሰው በመኪና ሽው ብሎ የሚያልፈው ቦታ ነው። እኛም ልናልፈው ነበር፤ ሻይ አማረንና ቆምን። ለካስ የቆምነው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች በተገኙበት መንደር ኖሯል! እዚያው ባልጩት የሚባል ሥፍራ አለ፤ ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል። የጥንት ሰው ጥቁሩን እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከዚያ እያመጣ ምላጭና ቢላዋ ይሠራበት ነበር። መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባለ ልደቷ ሙዚየሙ ውስጥ አንዱን ባልጩት አይታ "ይሄ ከኩሽና ቢላዋዬ ይሻላል" አለች። ውነቷን ነው።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን አዳዲ ማርያም ሄድን። ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን አይታይም። ቀርባችሁ ወደ ታች ስታዩ ነው ከመሬቱ ሥር ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራውን የምታገኙት። ንጉሥ ላሊበላ ዝቋላን ሊሳለም በመጣ ጊዜ ያስፈለፈለው ነው ይባላል። እኛ ላሊበላን ለማየት ሰሜን ድረስ ስናልም ጎረቤታችን የተቀመጠውን አናውቅም። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ያ ሁሉ ስንቀልድ የመጣነው ልጅ ጸጥ አልን።

ጢያ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከመንደሩ አለፍ ብሎ፣ አጥር በተደረገለት ሜዳ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ። 32ቱ ተቀርጸዋል። ቦታው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ጥንታዊ ሥፍራ 160 ያህል ተገኝቷል፤ ጢያ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ሕዝቡ "የግራኝ ድንጋይ" ይለዋል። ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው ይላሉ።

ከሁሉ ዓይን የሚስበው ሰይፉ ነው። አንዱ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ተቀርጿል። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። "የሰይፉ ቁጥር ጀግናው የጣለው ጠላት ቁጥር ነው ይባላል፤ ይህኛው ደግሞ እንሰት ይመስላል" አለን። የምልክቶቹን ትርጉም በእርግጠኝነት የፈታ ግን የለም። ሥሩ መቃብር ነው። ከተገኙት አጽሞች ብዙዎቹ የወጣት መሆናቸውን፣ የተቀበሩትም እንደ ፅንስ ተጣጥፈው መሆኑን ነገረን።

"ስንት ዓመታቸው ነበር?" አልኩት።

"የእናንተ እኩያ" አለኝ።

ከእኛ መሃል የተናገረ የለም። አስቡት እስቲ... በእኛ ዕድሜ የሞተ ሰው ዘመዶቹ ይህን የሚያህል ድንጋይ ጠርበው አቆሙለት። እኔ ለአባቴ ምን አቆምኩ? አብሬው አንድ መስቀል እንኳ አልዋልኩም።

አክስቴ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ጠያይቄ አገኘሁት። ደጃፉን እንሰት ከቦታል። አክስቴ አባቴ ሲቀበር አይታኝ ስለነበር ወዲያው ለየችኝ። አቀፈችኝና ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣

"ልጄ፣ ድንጋዩን ልታይ መጣህ ወይስ እኛን?" አለችኝ።

ምን ልበላት? "ሁለቱንም" ብል ውሸት ነው። "ድንጋዩን ልናይ ነበር አክስትዬ፤ አሁን ግን እናንተን ነው" አልኳት። ሳቀች። "አባትህም እንዲህ አንደበቱ ጥሩ ነበር" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ቀረበ። ባለ ልደቷ "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልደት አላከበርኩም" አለች። እኔ ግን ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ምክሬን ስሙኝ። መኪና የሌላችሁ የቡታጅራውን መኪና ያዙና ጢያ ላይ ውረዱ፤ በጠዋት ከወጣችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ፎቶ ለመነሳት ድንጋዩ ላይ አትውጡ፤ መቃብር ነው። ስማችሁንም አትጻፉበት፤ ያለ እናንተ ስም ይህን ሁሉ ዘመን ቆሟል። አስጎብኚውን ከፍላችሁ ሸኙት። የገበሬውን ማሳ አትርገጡ። ቡና ከጠሩን ደግሞ "ቸኩለናል" አንበል፤ እኛ ከተሜዎች መቼ ሳንቸኩል ቀርተን እናውቃለን?

ከሁሉም በላይ አባት ያላችሁ ዛሬውኑ "አገርህ ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ድንጋይ" ቢላችሁም እንዳትስቁ። "መቼ እንሂድ?" በሉት።

እኔ ለአክስቴ ለመስቀል እንደምመጣ ቃል ገብቻለሁ። እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ፤ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካያችሁኝ ውቀሱኝ!

ቸር እንሰንብት።