ምን ብዬ ልጥራቸው?



ከኒካሕ በፊት ስለ መህር ተነጋግረናል፤ ስለ ወሊማውና ስለ ቤት ኪራዩም እንዲሁ። ባለቤቴን የወለዱልኝን ሰዎች ምን ብዬ እንደምጠራቸው ግን የጠየቀኝም፣ የጠየቅሁትም ሰው አልነበረም። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። በዚሁ የተነሳ አማቴን ለሁለት ዓመት ያህል ሳልጠራቸው ኖርኩ።

ሳይጠሩ እንዴት ይኖራል ትሉ ይሆናል። ይቻላል። ቤት ሲገቡ ሰላምታው አለ፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» መጥሪያ አያስፈልገውም። ጓዳ ከሆኑ እስኪወጡ መጠበቅ ነው። ሲቸግር ደግሞ ሚስትን «እስቲ ጥሪልኝ» ማለት ነው። ልጃችን ከተወለደች በኋላማ ሥራው ቀለለኝ። ሕፃኗን አቅፌ «አያትሽን ቡናው ደርሷል በያቸው» እላለሁ። ጥርስ ያላበቀለች ልጅ መልእክተኛ ሆነችልኝ!

ከአማቴ አባወራ ጋር ችግር አልነበረም። ሐጅ አድርገዋል፤ «ሐጂ» ስላቸው እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ተገላገልኩ። ጭንቁ እናቲቱ ላይ ነበር።

እኔ ያደግሁት ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ጧት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት። በእኛ አገር ታላቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። እናቴን ግን «እማ» እና «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት። አንቱታ ለተከበረ ሰው፣ አንቺታ ለወለደች እናት፤ ልዩነቱን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ባለቤቴ የአዲስ አበባ፣ የመርካቶ አካባቢ ልጅ ናት። ታላቅ እህቷን ያገባው ሰው አማቱን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «እማዬ» ይላቸዋል። እኔ አንቱ እያልኩ፣ ስም ሳልጠራ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ለእኔ ይህ ትልቅ አክብሮት ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን ልጃቸውን፣ «ባልሽ ተቀይሞኛል እንዴ? እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር እኮ ነው የሚያናግረኝ» ብለዋታል።

ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳጫውት፣ ከከምባታ የመጣ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። በእነሱ አገር «ባሊሻ» የሚባል ልማድ አለ። በልማዱ መሠረት ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አለመጥራት ብቻ ሳይሆን፣ በስማቸው የመጀመሪያ ክፍለ ቃል የሚጀምረውን ሌላ ቃል ሁሉ ትታ በምትኩ ሌላ ቃል ትጠቀማለች። ሲዳማዎችም ዘንድ አለ። «አንተ ከምባታ ብትወለድ ኖሮ ጨዋ ይሉህ ነበር» አለኝ። እንግዲህ በአንዱ አገር ዝምታ ክብር ነው፤ በመርካቶው ቤት ደግሞ ቅያሜ።

ለባለቤቴ የምሰጣት ምክንያት ነበረኝ። መድረሳ የተማረ ሰው ማስረጃ አያጣም! እያወቀ አባቱ ያልሆነውን ሰው አባቴ ነው ያለ ሰው ስለሚጠብቀው ብርቱ ቅጣት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አነሳለሁ። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ መታዘዙን እጨምራለሁ። የነቢዩ ሙሳንም (ዐ.ሰ.) ታሪክ ከሱረቱል ቀሰስ እጠቅሳለሁ፦ ልጅቱ የመድየኑን ሽማግሌ በአባትነቱ ስትጠራው፣ ሙሳ ግን ውሉን ሲቀበሉ ምንም መጥሪያ አልተጠቀሙም።

በመጨረሻ ያስተማሩኝን ኡስታዝ ዘንድ ሄድኩ። ሐዲሱ ነሰብን ስለ መካድና ስለ መቀየር እንጂ ለአክብሮት ስለሚባል ቃል አለመሆኑን አስረዱኝ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አነስን ልጄ እያሉ ይጠሩት ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ፉርቃን የሥጋ ዝምድናንና የጋብቻ ዝምድናን ጎን ለጎን ማንሳቱን አስታወሱኝ። የሚስት እናት ደግሞ ኒካሑ ቢፈርስ እንኳ ለዘላለም ማህረም ናት። ቀጥለው፣ «ሙሳ ለሽማግሌው ስምንት ወይም አሥር ዓመት ሊያገለግሉ ተስማሙ። አንተ ለአማትህ ስንት ዓመት በግ ጠበቅህ?» አሉኝና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን አውቀዋለሁና። አባቴ የሞተው ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እናቴ ለገበያተኛ እንጀራ እየጋገረች ነው ያስተማረችኝ። «እማ» የሚለው ቃል የእሷ ነው። ሌላ ሰው ላይ ባውለው የሰረቅኋት ይመስለኝ ነበር። ሐዲሱን ያቀረብኩት ይህን ለመናገር አፍሬ ነው።

በዚያው ዓመት ለዒድ ባለቤቴን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። ገና ከደጃፍ «እማ!» ብላ ተጠመጠመችባት። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ራሷን ብቻ ሳመቻት። ማታ ሁላችንም ዒሻ ሰግደን፣ ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ ምድጃው ዳር ሆና ጠየቀችኝ።

«አንተስ እናቷን ምን ትላቸዋለህ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ታውቀዋለች።

«እኔን ብለህ ከሆነ ተው። ልጃቸውን ሰጥተውህ የለም እንዴ!» አለችና እሳቱን ማዳፈን ቀጠለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስን፣ ጁሙዓ ሰግጄ ወደ አማቶቼ ቤት ጎራ አልኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው የቡና ከሰል ያራግባሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። «እማ» ለእናቴ ይቅር፤ የአማቼን ቃል ተዋስኩ።

«እማዬ፣ አንቱ ይቀመጡ፣ እኔ አራግበዋለሁ።»

«ማነህ?» አሉ ሳይዞሩ። ድምፄን አላወቁትም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ለጥቂት ጊዜም ማራገቢያውን እንደ ያዙ ቀሩ። ከሰሉ ጨሰ። «ና፣ ያዝ እንግዲህ» ብለው ማራገቢያውን ሰጡኝ፤ «አንቱውንም ደግሞ ተወው።»

እሱን እስከ ዛሬ አልተውኩትም።