የዓይን እንግዳ

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ እንግዳ መቀበል የማይወድ ዓይን ነው። እግር አዲስ ጫማ ሲገባበት ጥቂት ቀን ተቆጥቶ ይታረቃል፤ ዓይን ግን ቅንጣት ትቢያ ብትገባበት ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ያለቅሳል። ስለዚህም ነው አበው እጅግ የተወደደ ነገር ሲጠበቅ «እንደ ዓይን ብሌን» የሚሉት፤ እናቶችም ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምረው «እጅህን ከዓይንህ ላይ አንሣ» እያሉ የሚያሳድጉት። በዚህ ምክር ያደገ ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ «በገዛ ጣትህ ዓይንህ ላይ ሌንስ አኑር» ቢባል፥ ነገሩ እንደማይቀለው አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

እኛ ለዚህ የበቃነው ጌጥ ፈልገን አይደለም። ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት የዓይናችን የፊት ገጽ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ወደ ፊት በመሾሉ ነው። የሕመሙ ስም ኬራቶኮነስ ይባላል። ጤነኛው ኮርኒያ በመካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፥ ገጹም የተስተካከለ ነው፤ የሾለው ግን ብርሃንን በአንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ ተስኖት ይበትነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ጥላውን አስከትሎ ይመጣል። «ሌ»ን ከ«ሊ» የምትለያት በእግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ ለእኛ መጀመሪያ የጠፋችብን ያች ቀለበት ነበረች። ደብዳቤ አንብቦና መዝገብ አገላብጦ ለሚያድር ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መነጽር ብንለዋውጥም አልረዳንም፤ እንዲህ የተዛባ ገጽን መነጽር አስተካክሎ ሊያርመው አይችልምና።

ሐኪሙ የቀሩልንን መንገዶች ሲነግረን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ጠንካራ ሌንስ፥ ሁለተኛው ያም ባይሆን የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ። በአገራችን የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ነገር ግን የሚተከለው ብሌን የሚገኘው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ሰው ስጦታ ነው። ስለዚህ በሌንስ ማየት የሚችል ሰው ሌንሱን መልመዱ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ተራ ለሚጠብቅ ለሌላውም ነው ብለን ቆረጥን።

ይህን ጥበብ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ አዶልፍ ፊክ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በ1880 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1888) በዙሪክ ከተማ ሳለ፥ ከመስተዋት የተሠራ ሌንስ በመጀመሪያ በጥንቸል ዓይን፥ ቀጥሎም በራሱ ዓይን ላይ እንደሞከረ ጽፎ አሳተመ። ያ ሌንስ ከባድ ስለነበረ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቻልም ነበር። ከ73 ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ሰሞን፥ ኦቶ ቪክተርሌ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ ኬሚስት ከልጆች የብረት መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ በቤቱ ውስጥ መሣሪያ አበጅቶ ለስላሳውን ሌንስ ሠራ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከዚህ ወገን የመጣውን ነው። የእኛ ግን ጠንካራው ነው። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅንን የሚያገኘው ከአየር ነው፤ የዛሬው ጠንካራ ሌንስም አየር ከሚያሳልፍ ነገር ይሠራል። ሌንሱ ተንሳፎ የሚቀመጠው በእንባ ላይ ሲሆን፥ እንባውም በሾለው ኮርኒያና በሌንሱ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ሞልቶ ያስተካክለዋል። ለካስ እንባ ለኀዘን ብቻ ሳይሆን ለማየትም ኖሯል!

ሌንሱን የተረከብነው ኦሎምፒያ አካባቢ ከሚገኝ መነጽር ቤት ነው። ባለሙያዋ እጃችንን በሳሙና አስታጥባና አስደርቃ፥ እንዳይምታታ ሁልጊዜ ከቀኙ እንድንጀምር አስተማረችን። ወደ ጭንቅላታችን ይገባ ይሆን ብለን ብንጠይቃት፥ የዓይን የውስጥ ሽፋን ከበስተኋላ የታጠፈና የተዘጋ ስለሆነ መሄጃ የለውም ብላ አረጋጋችን። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት፥ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት እየጨመርን እንድንለምድ ታዘዝን።

የመጀመሪያው ሳምንት የልቅሶ ሳምንት ነበር። በደንበል ሕንፃ አጠገብ ነፋስ አቧራ ሲያነሣ ፊታችንን ወደ ግንብ አዙረን እንባችንን ስናፈስ፥ መንገደኞች «አይዞህ ወንድሜ» እያሉን ያልፉ ነበር። የመዝገብ ቤታችን አዛውንት ሠራተኛም ከጠረጴዛችን ቀርበው «ነፍስ ይማር ልጄ፤ ማን አረፈብህ?» አሉን። ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ተሻለ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ በሦስተኛው ሳምንት ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ ቆመን የሕንፃዎቹን ጽሕፈት ያለ ጥላ አነበብን፤ ከበላያቸውም በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተደረደሩትን ወፎች አንድ በአንድ ቆጠርን።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው ልማድ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። የዓይን ልማድ መርሳት ነው፤ የዓይን ቆብ እንግዳውን እየዳሰሰ እየዳሰሰ በመጨረሻ ይረሳዋል። የእጅ ልማድ ግን አለመርሳት ነው። አደጋው የሚመጣው ዓይን ሲረሳ እጅም አብሮ ሲረሳ ነው። ማጠቢያው ፈሳሽ ያለቀ ዕለት፥ የቧንቧው ውኃ ጠርቶ እየታየ «በዚህ ቢለቀለቅ ምን ይሆናል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ነገር ግን በአፈርና በውኃ ውስጥ፥ በቧንቧ ውኃም ጭምር፥ አካንታሜባ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ይገኛል፤ በሌንስ ሥር ከገባ ኮርኒያን ሊያቆስልና ብርሃንን ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሕክምናው ረጅም ነው። ስለዚህ ፈሳሽ በሌለበት ቀን ሌንሱን አለማድረግ፥ የትናንቱን ፈሳሽ በዛሬው ላይ አለመጨመር፥ ሐኪም ካላዘዘም ሌንሱን ሳያወልቁ አለመተኛት የእጅ ሕግ ነው።

ለመምህራን አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ቤት ዕድሜ ነው፤ ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ያባብሰዋል። እንግዲህ መጽሐፉን ከአፍንጫው አስጠግቶ የሚያነብ፥ ዓይኑንም ዘወትር የሚያሽ ተማሪ ቢያጋጥማችሁ፥ ሰነፍ ብሎ ከመገሠጽ በፊት ወላጆቹ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲወስዱት ንገሯቸው። «ሊ»ንና «ሌ»ን ያልለየው ትምህርቱን ስለጠላ ሳይሆን፥ ቀለበቷን ስላላያት ሊሆን ይችላልና።