መልካም የጨዋታ ቤት በምን ይታወቃል?

ሰው ከሥራው በኋላ መጫወት ይገባዋል። ሁልጊዜ የተወጠረ የበገና አውታር አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ሁልጊዜ የረገበም አውታር ድምፅ አይሰጥም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ታላላቆች ለወጣቶች ስለ ጨዋታ ስንናገር ብዙውን ጊዜ «ተው!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለንም። እኔም በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ «ተው» ባይ ነበርሁ። ይህ ቃል ብቻውን ምክር አለመሆኑን በሚገባ የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአንድ ክረምት የታናሽ እህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ነው።

ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሶ ውጤቱን የሚጠባበቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ ትሑት ልጅ ነው። ጉለሌ ሩፋኤል አጠገብ ካለችው ቤቴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቡና ጠጥተን ስናበቃ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚህ ከተማ ጥሩ የፑል ቤት የሚገኘው የት ነው?» አለኝ።

ለጊዜው መልስ አጣሁ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ካርታና ቢልያርዶ ከመጠጥ ጋር በአንድ ረድፍ ይቆጠሩ ስለ ነበር፣ ቢልያርዶ ቤት በር ላይ መቆም እንኳ ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ በምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው መልስ ያው የለመድሁት «ተው» ነበር። ነገር ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ዝም አልሁ።

በ1994 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከትምህርት ቤታችን ብዙ ሳይርቅ አንድ የፑል ቤት ተከፍቶ ስለ ነበር፣ ተማሪዎች ወደዚያ እንዳይገቡ በሰልፍ ላይ አስጠንቅቀናል። አንድ ማታ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁሉ በሒሳብ የሚበልጠውን ልጅ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ አየሁት። አልገባሁም፤ አልጠራሁትም፤ አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሰስሁት፤ ለሌሎች መቀጣጫ ይሆን ዘንድ ለአንድ ዓመት እንዲታገድ አጥብቄ የተከራከርሁትም እኔ ነኝ። ውሳኔው ሲነበብለት ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። ዓመቱ ካለፈ በኋላም ተመልሶ አልመጣም። ቆይቶ ከጎረቤቱ እንደ ሰማሁት፣ ያ ልጅ በዚያ ቤት ተጫዋች አልነበረም። ከገጠር መጥቶ ብቻውን የሚኖር ተማሪ ስለ ነበር፣ ማታ ማታ ኳስ እየደረደረና የጨዋታውን ገንዘብ እየሰበሰበ በሚያገኘው የቤት ኪራዩን ይከፍል ነበር። አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ፣ «ጥሩው የት እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ነገ አብረን እንፈልጋለን» አልሁት። የምቀልድበት መስሎት ፊቴን አተኩሮ ተመለከተኝ።

በማግስቱ ከቤት ወጥተን ወደ አዲሱ ገበያ በእግራችን ስንሄድ፣ ስለዚህ ጨዋታ ያነበብሁትን አጫወትሁት። ቢልያርዶ በአመጣጡ የዋልጌዎች ጨዋታ አይደለም። በአውሮፓ በሣር ሜዳ ላይ ይጫወቱት የነበረውን የኳስና የዱላ ጨዋታ ወደ ቤት አግብተው በጠረጴዛ ላይ ያደረጉት ነገሥታትና መኳንንት ናቸው፤ ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ መልበሱም ለዚያ ሣር መታሰቢያ ነው። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1576 በእስር ሳለች የቢልያርዶ ጠረጴዛዋ እንደ ተወሰደባት በደብዳቤ አመልክታለች። ኳሶቹ ብዙ ዘመን ከዝሆን ጥርስ ይሠሩ ነበር፤ ጆን ዌዝሊ ሃያት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ሴሉሎይድ የሚባለውን ነገር የሠራው ለዝሆን ጥርሱ ምትክ ሲፈልግ ነው።

ፑል የሚለው ስም ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተጫዋቾች አዋጥተው የሚያስይዙትን ገንዘብ የሚያመለክት ነው። ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው፣ በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ የሚሰበሰብባቸው ቤቶች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ተወራራጆቹ የሩጫው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ጊዜያቸውን እንዲያሳልፉ የቢልያርዶ ጠረጴዛ ስለ ተቀመጠላቸው፣ የውርርዱ ስም ለጨዋታው ተረፈ። «እንግዲህ ልጄ፣ ክፉ ስም የወጣለት በራሱ ሥራ ሳይሆን በጎረቤቱ ሥራ ነው» አልሁት።

ልጁም በተራው አንድ ነገር ነገረኝ። ኤፍረን ሬየስ የሚባል የፊሊፒንስ ሰው አለ። በአምስት ዓመቱ ወደ ማኒላ ከተማ ሄዶ የፑል ቤት ካለው አጎቱ ዘንድ ኖረ፤ ቁመቱ ለጠረጴዛው ስላልደረሰ በለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ ይጫወት፣ ሌሊትም በጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካን ታላቅ ውድድር፣ በ1999 ደግሞ የዓለምን ሻምፒዮናነት አሸነፈ። እኔም ታሪኩን ኋላ አንብቤ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ነገር ግን ይኸው ሰው በልጅነቱ በገንዘብ ይጫወት እንደ ነበር አብሮ ተጽፏል። አንድ ሬየስ ሲነሣ ስማቸው ሳይሰማ በዚያው የቀሩ ብዙዎች መኖራቸውን መርሳት አይገባም። ይህንንም ለልጁ ነገርሁት፤ «እሱስ አጎት ነበረው፣ ጋሼ» ሲል መለሰልኝ። ይህ መልሱ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ከአንድ ጫት መሸጫ ጀርባ ነበር። በሩ በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ ቀትር ሳለ ውስጡ ጨለማ ነው። ልጁ አንድ ኳስ አንሥቶ በጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አንከባለለው፤ ኳሱም ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ወደ አንድ ወገን አጋደለ። «ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል» አለኝ በጆሮዬ። በዚህ ጊዜ ከማዕዘኑ ጠብ ተነሣ። አንድ ወጣት ያስያዘውን ገንዘብ ሁሉ ተበልቶ፣ የእጅ ስልኩን መያዣ ሊሰጥ ይለማመጣል፤ አሸናፊውም የስልኩን ዋጋ ያራክሳል። የቤቱ ባለቤት እያየ ዝም አለ። እኛም ቃል ሳንለዋወጥ ወጣን።

ከዚያ በታክሲ ወደ ፒያሳ ወረድን። በልጅነቴ ከሩቅ እሸሻቸው የነበሩት የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሰዋል። ኢጣልያኖች ትተውት እንደ ሄዱ የሚነገረው፣ በጠረጴዛው መካከል ትንንሽ እንጨቶች የሚተከሉበት ከረምቡላ ይጫወቱ የነበሩትን ሽማግሌዎች አሳየዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘኋቸውም። አንድ ፎቅ ላይ ወጥተን ያማረ የፑል ቤት አገኘን። ብርሃኑ ብሩህ፣ ጨርቁ አዲስ ነው፤ ልጁ ያንከባለለው ኳስም እንደ መሥመር ቀጥ ብሎ ሄደ። ነገር ግን ዘፈኑ ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ በየጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ቢራቸውን ይዘው በስልካቸው የእግር ኳስ ውርርድ ይከታተላሉ። ልጁ አንድ ጨዋታ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጫውቶ አሸነፈ። ተሸናፊው ሳይጨብጠው፣ ገንዘቡን ወርውሮለት ሄደ። «ጠረጴዛው እንዴት ነው?» ብለው፣ «ጠረጴዛውስ ጥሩ ነበር» አለኝ። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገም።

ወደ ማታ ሽሮ ሜዳ ደረስን። በዚያ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ያለው፣ በሩ ወደ መንገድ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በደጁ ሻይ ይሸጣሉ። በግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ተማሪ በዩኒፎርም አይገባም። አስይዞ መጫወት ክልክል ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋል» ይላል። ተጫዋቾቹ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውሩ ውለው ወገባቸውን የሚያፍታቱ ሸማኔዎችና የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የተሸነፈ የጨዋታውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ ከዚያም ዱላውን ለተረኛ ሰጥቶ ሻዩን ይጠጣል። ጨርቁ አንድ ቦታ ተጥፏል፤ ኳሱም በመጨረሻ ጥቂት ያዘነብላል። ቢሆንም የእህቴ ልጅ በዚያ ቤት ሲስቅ ሰማሁት።

ኳስ የሚደረድረው አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየችው ጥያቄ ያን ጊዜ ከአፌ ወጣች፤ «ልጄ፣ ለምን እዚህ ትሠራለህ?» አልሁት። «ለመስከረም ደብተርና ጫማ ልገዛ ነው፣ አባባ» አለኝ። ሴትዮዋም ከደጅ ሰምተው፣ «ትምህርት ሲከፈት አላስገባውም፤ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ» አሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ፤ ልጆቹ ወረቀቱን የማነብ መስሏቸው ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ዱላውን አቀበለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝሁት። ኳስ ሽክርክሪት ካልጨመሩበት በቀር የጎማውን ጠርዝ በመታበት ማዕዘን ልክ እንደሚመለስ ብዙ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬ ነበርና፣ በልቤ ለክቼ መታሁ። ነጩ ኳስ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ሸማኔዎቹ አክብረውኝ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ሴትዮዋ ግን አልዋጡትም።

ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ ጨዋታ እንድትለምድ አይደለም፤ እንዳትለምድም አይደለም። ወደ ትልቅ ከተማ ስትሄድ መጫወቻ ብትሻ፣ መልካሙን ቤት ከክፉው መለየት እንድትችል ነው። ጥሩ ተጫዋች ጠረጴዛውን ለመፈተን አንድ ኳስ ቀስ አድርጎ ያንከባልላል። አንተም ቤቱን እንደዚሁ ፈትን። በሩ ለመንገደኛ ክፍት ነውን? ወይስ መጋረጃ ያስፈልገዋል? የተሸነፈው የጨዋታውን ዋጋ ከፍሎ በሰላም ይሄዳልን? ወይስ ንብረቱን መያዣ ያደርጋል? የሚዘጋበት ሰዓት አለውን? ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ስታጠፋ ተመልክቶ «ልጄ፣ ይበቃሃል» የሚልህ ታላቅ ሰው በቤቱ አለን? ሳታሸሽግ እናትህን ልትጠራበት የማትደፍረው ቤት፣ ጠረጴዛው ወርቅ ቢሆን ላንተ አይሆንም። በኪስህም ለጨዋታውና ለመመለሻህ የሚበቃውን ብቻ ይዘህ ግባ፤ በእጅህ የሌለውን ገንዘብ ማንም አይበላብህም።

ለእኛ ለታላላቆች ደግሞ የምለው አንድ ነገር ነው። ክፉውን ቤት ክፉ ያደረገው ጨለማው ብቻ አይደለም፤ አንድም ሽበት ያለው ሰው በዚያ አለመታየቱ ነው። እኛ ከበሩ ቆመን «ተው» ስንል፣ ውስጡን ለማንም ለቅቀንለታል። ገብቶ የሚጠይቅ ሰው ከበር ላይ ከሚገሥጽ ሰው ይልቅ ያድናል።

በ1994 ዓ.ም. ያባረርሁት ተማሪ ዛሬ አርባ ዓመት ይሆነዋል። የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ይህች ጽሑፍ ከእጁ ብትገባ፣ መምህሩ ያን ማታ ሊጠይቀው ይገባ የነበረውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፉን እንዳመነ ይወቅልኝ፤ ይቅርታም እለምነዋለሁ። እናንተም የምታነቡ ወጣቶች፣ ነገ መምህራንና ወላጆች ስትሆኑ፣ ልጅ በማይሆን ቦታ ቆሞ ብታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት ገብታችሁ ጠይቁት።