በፊት ላይ የታተመ ማኅተም

ሰው ስሙን በቀለም ይፈርማል፤ ማኅተሙንም በወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ግን የትውልዳቸውን ሐረግ በፊታቸው ላይ ይነቀሱታል። ይህም ንቅሳት በቋንቋቸው ሞኮ ይባላል።

የዚህን ነገር ምስጢር ለማወቅ የሚወድ መንገደኛ ወደ ዌሊንግተን ይሂድ። ከተማዪቱ በሰሜኑ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፥ ነፋስ በማይለየው ወደብ ዙሪያ የተሠራች ናት። ሚራማር በሚባለው ሰፈሯም በ2022 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ኹሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የታየው የጄምስ ካሜሮን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ «አቫታር፥ የውኃ መንገድ»፥ በብዙ ክፍሉ ተሠርቶባታል።

ይህ ሥዕል ገና ያልደረሰውን ዘመንና ማንም ያላየውን ዓለም በልብ ወለድ የሚያሳይ ነው። ፓንዶራ በምትባለው ዓለም ሜትካይና የሚባሉ ሕዝቦች በባሕር ዳር ይኖራሉ። ፊታቸውና ገላቸው የተነቀሰ ነው፤ ዓሣ አንበሪ የሚመስሉት ወዳጆቻቸው እንኳ ንቅሳት አላቸው። ተመልካቹም አንድ ቃል ሳይነገረው፥ እነዚህ ሕዝቦች ዘርና ሥርዓት ያላቸው መኾናቸውን ከንቅሳታቸው ያስተውላል። መልኩ የማኦሪን ሞኮ ያስታውሳል፤ የአለቃቸው ተጫዋች ክሊፍ ከርቲስም ራሱ የማኦሪ ተወላጅ ነው።

እውነተኛው ሞኮ በጥንት ዘመን የሚሠራው በመርፌ አልነበረም። ኡሂ በሚባል ከአጥንት በተሠራ መሮ ቆዳውን እየፈለፈሉ ጥላሸት ያገቡበት ነበር። ሴቶች በከንፈርና በአገጭ ይነቀሳሉ። በ1840 ዓ.ም. የዋይታንጊ ውል ሲፈረም ከአለቆቹ አንዳንዶቹ በስማቸው ፈንታ ከሞኮአቸው ቀድተው ሣሉበት። ሰነድ ለሚመረምር ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ የወረቀት ፊርማ አስመስሎ የሚሠራ ይገኛል፤ በሰው ፊት ላይ ያለውን ግን ማን ይክደዋል?

ነገር ግን ትርጕሙን ያላወቁ የውጭ ነጋዴዎች የተነቀሱ የሙታን ራሶችን በጠመንጃ እየለወጡ ወሰዱ። በ1831 ዓ.ም. የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዢ ዳርሊንግ ይህን ንግድ ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. በኒውዮርክ ያለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 35 ራሶችን ከወደቡ ዳር ወዳለው ወደ ቴ ፓፓ ሙዚየም መለሰ። መንገደኛ ሆይ፥ እነዚህን ለማየት አትጠይቅ፤ የሙታን ዐፅም ስለ ኾኑ በክብር ይጠበቃሉ እንጂ ለተመልካች አይቀርቡም።

ሞኮ ግን ከሙታን ጋር አልተቀበረም። ናናያ ማሁታ በ2016 ዓ.ም. አገጯን ተነቅሳ በምክር ቤት ተቀመጠች፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ኾነች። ማኦሪ ላልኾነ ሰው የሚሠራውን ጌጥ ኪሪቱሂ ብለው ለይተው ይጠሩታል፤ የትውልድ ምስክርነት የለበትምና።

እንግዲህ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያዩ፥ ንቅሳቱ ማማሩን ብቻ አይንገሯቸው። የማን ልጅነትን እንደሚመሰክር ይጠይቋቸው። ባለቤቱ የታወቀ ማኅተም ይከበራል፤ ባለቤቱ የተረሳ ግን እንደ ተራ ጌጥ በገበያ ይሸጣል።