የእፍረቴ የዘር ሐረግ

ሰው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እኔ እፍረቴን ቆጠርኩ። ለዚህ ያበቁኝ ስልኬ ውስጥ የታጨቁት ቪዲዮዎች ናቸው። እኔ ክራር እየመታሁ አንጎራጉራለሁ፤ የእህቴ ልጅ ትቀርጻለች። «ጋሼ፣ ዩቲዩብ ላይ ልጫነው?» ስትለኝ «ቆይ፣ ይደርሳል» እላታለሁ። ሳይደርስ ዓመታት አለፉ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስንት ኦዲተር ፊት ሳልንተባተብ ቆሜያለሁ። መዳፍ የምታክል ስልክ ስትደቀንብኝ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። ምነው?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድምፄን ነው። ሰው ሲዘፍን የራሱን ድምፅ በሁለት መንገድ ይሰማል፤ በአየርና በራስ ቅሉ አጥንት። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ስለሚያደርስ ሁላችንም ለራሳችን ጎርናኖች ነን። ስልክ የሚይዘው በአየር የወጣውን ብቻ ነው። ለካስ ዕድሜ ልኬን ሳደንቀው የኖርኩትን ድምፅ ከእኔ በቀር የሰማው የለም! ጎረቤቶቼ የሚያውቁት ያንን ቀጭኑን ነው፤ እያወቁም ሰላም ይሉኛል። ይህ ሊያጽናናኝ በተገባ ነበር። አላጽናናኝም። ስለዚህ ሌላ ቤት መቁጠር ግድ ሆነ።

ቀጣዩ ቤት የአያቴ ነው። እሷ ዘንድ በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ነበር። ክራር ሳነሳ ካየች «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ትለኛለች። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ያቺው አያቴ ግን ሠርግ ቤት አዝማሪ ስሟን እየጠራ ሲያወድሳት ከመቀነቷ ጫፍ ብር ፈትታ ግንባሩ ላይ ትለጥፍ ነበር። ዘፈን ነውር የሚሆነው፣ ዘፋኙ የራስ ልጅ ሲሆን ነው።

ወደ ላይ ስወጣ አንድ መከታ አገኘሁ። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ግድም በርሊን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሸክላ ዘፋኝ እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። እንግዲህ ለመኪና ተልከው ዘፍነው የተመለሱ ሰው ናቸው። የቤተ መንግሥት ሰው እንጂ አዝማሪ ያልሆኑት ተሰማ፣ እንግዳ መሣሪያ ፊት ቆመው ለማያዩት አድማጭ አንጎራጎሩ። እኔን የሚያርበደብደኝም ይኸው አይደል? ደረቴን ነፋሁ፤ ስልኩ ሲደቀን መልሶ ተነፈሰ።

ወደ ታች መለስ ስል ደግሞ የደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት አለ። ልብስ ሰፊውም ተማሪውም መድረክ ይወጣ ነበር። ከዚያ የተገኙ ድምፃውያን ብዙ ናቸው፤ ካድሬ ካዘዘ ማን ያፍራል? ሠርግ ቤትም ቢሆን አውራጁ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የሻከረው ሰውዬ ነው። ቢሳሳት ተቀባዮቹ ያነሱታል፤ ግጥም ቢጠፋው እልልታው ይሸፍንለታል። ማንም «ችሎታ አለው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም አፉ ሥራ ይዟል።

የእፍረቴን አባት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። እፍረቴ ከዘፈን አልተወለደችም፤ ተቀባይ ከማጣት ነው። እኔ አወርዳለሁ፤ ስልኩ አይቀበልም። አፍጥጦ ያየኛል። አፍጥጦ በሚያይ ሰው ፊት እንኳን ዘፈን፣ እንጀራም አይዋጥም።

በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደገፍነውና የእህቴን ልጅ ተቀባይ አድርጌ አጠገቤ አስቀመጥኳት። እሷ ስታጨበጭብ እኔ ስልኩን ረሳሁት። ጫኚው አልኳት። ደግሞስ ዩቲዩብ ምን ቁም ነገር ይዞ ተጀመረና! እ.ኤ.አ. በ2005 የተጫነው የመጀመሪያው ቪዲዮ 19 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ መካነ እንስሳት ውስጥ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ያወራል። የእኔ የባቲ ዜማ ከኩምቢ አያንስም።

እፍረት ከለቀቀ አይቀር ሙልጭ ብሎ ነው የሚለቀው። ለዘመድ ላክሁ፣ ለባልደረባ ላክሁ፤ በመጨረሻ የዕድራችንንም የቴሌግራም ቡድን አዳረስኩ። የዕድሩ ጸሐፊ መንገድ ላይ አገኘኝና ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ክራሩስ መልካም ነው። ግን የዕድሩ መልእክት በጮኸ ቁጥር ሰው መርዶ እየመሰለው ይደነግጣል» አለኝ።

ድሮ ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አሁን ግን ከዘፈኖቹ የትኛውን እንደወደደው ጠየቅኩት።